የወፍ ጉንፋን ሲገባ የወፎች ማገገሚያ በሩን ይዝጋ?

በኦክቶበር 2021 በደቡብ አፍሪካ የምዕራብ ኬፕ ጠረፍ ኮርሞራንት የሚባሉ ጥቁር የባሕር ወፎች በገፍ መሞት ጀመሩ። አንዳንዶቹ አሸዋው ላይ ተቀምጠው መነሣት አቃታቸው፤ የአንዳንዶቹ አንገት ይጠማዘዛል፣ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ሲጠጋቸው እንኳ አይሸሹም። ምርመራው ኤች5ኤን1 የተባለውን የወፍ ጉንፋን ቫይረስ አሳየ። ክፉኛ ከተመቱት ቦታዎች አንዷ በጋንስባይ ከተማ አቅራቢያ ያለችው ዳየር ደሴት ነበረች። ወረርሽኙ ጋብ እስኪል ድረስ ከ20,000 በላይ ኮርሞራንቶች አልቀዋል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚያ ጠረፍ ነዋሪ የወደቀ ወፍ ሲያገኝ ምን ማድረግ እንዳለበት ለዓመታት ሲነገረው ኖሯል። በፎጣ ይጠቀልለዋል፣ አየር በሚያስገባ ካርቶን ያስቀምጠዋል፣ በመኪናው ጭኖ ማገገሚያ ማዕከል ያደርሰዋል። በዚያ ወቅት ከመንግሥት የወጣው ማሳሰቢያ ግን ፍጹም ተቃራኒው ነበር፦ የታመመ ወፍ አትንኩ፤ ወደ እንስሳት ሐኪምም ሆነ ወደ ማገገሚያ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ያያችሁበትን ቦታ ብቻ ጠቁሙ፤ ለዱር ወፎች መከላከያም መድኃኒትም የለም። ወፍ ለሚወድ ሰው እንዲህ ያለውን መመሪያ መፈጸም ከባድ ነው። ቢሆንም መመሪያው ትክክል ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው። ሕዝቡ አትንኩ ከተባለ፣ በነጻ ጉልበታቸው ማዕከሉን ቀጥ አድርገው የያዙት በጎ ፈቃደኞች ምን ይሁኑ? በብዙ ቦታ ወረርሽኝ በተሰማ ቁጥር ቀድመው ወደ ቤታቸው የሚሸኙት እነሱ ናቸው። እኔ ይህን ውሳኔ ስሕተት ነው እላለሁ። መቀየር ያለበት የሚሠሩት ሥራ ነው፤ የመጡበትን በር መዝጋት ግን ወፎቹንም ሰዎቹንም የባሰ አደጋ ላይ ይጥላል። ይህን ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

በደቡብ አፍሪካ የባሕር ወፎችን የሚታደገው ዋናው ድርጅት ሳንኮብ ይባላል። በ1968 ከአንድ የነዳጅ ፍሳሽ አደጋ በኋላ ኬፕ ታውን ውስጥ ተመሠረተ። ስሙ በዓለም የገነነው ግን በ2000 ነው። በዚያ ዓመት ጁን 23 ትሬዠር የተባለች መርከብ በሮበን ደሴትና በዳሰን ደሴት መካከል ሰጠመች። ሮበን ደሴትን አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በኔልሰን ማንዴላ እስር ቤት ነው፤ ለአፍሪካ ፔንግዊኖች ግን መኖሪያና መራቢያ ናት። ከመርከቧ የወጣው ነዳጅ ወደ 19,000 የሚጠጉ ፔንግዊኖችን ነከራቸው። በነዳጅ የተነከረ ላባ ውኃና ብርድ አይከላከልም፤ ወፉ ወይ በብርድ ይሞታል፣ ወይ በምንቃሩ ላባውን ሲያጸዳ ነዳጁን ይውጠዋል።

ከዚያ በኋላ የታየው የሰው ርብርብ እስከ ዛሬ ይነገራል። ሶልት ሪቨር በተባለው የከተማዋ ክፍል አንድ ትልቅ መጋዘን ወደ ወፍ ሆስፒታልነት ተለወጠ። ከ12,000 በላይ በጎ ፈቃደኞች ጎረፉ፤ ተማሪው፣ ጡረተኛው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ከውጭ አገር የበረረው። ፔንግዊን በጉልበቱ መካከል አጥብቆ ይዞ፣ እየተነከሰም ቢሆን፣ ሰርዲን በአፉ ማጉረስን ብዙዎቹ የተማሩት እዚያው ሥራው ላይ ነው። ነዳጅ ያልነካቸው 19,500 ያህል ፔንግዊኖች ደግሞ ተይዘው 800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ፖርት ኤልዛቤት ተወሰዱና እዚያ ባሕር ውስጥ ተለቀቁ። ዋኝተው ወደ ቤታቸው እስኪመለሱ ባሕሩን ለማጽዳት ጊዜ ይገኛል የሚል ስሌት ነበር፤ ሠራም። ፒተር፣ ፓሜላና ፐርሲ የተባሉ ሦስት ፔንግዊኖች ጀርባቸው ላይ በተለጠፈ መሣሪያ በሳተላይት ሲከታተሏቸው፣ ሕዝቡ የጉዟቸውን ዜና በየቀኑ ይጠብቅ ነበር። በነዳጅ ከተነከሩት ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ድነው ወደ ባሕር ተመልሰዋል።

ይህ ድል አንድ አስተሳሰብ አሰረጸ፦ ብዙ ሰው፣ ብዙ እጅ፣ ክፍት በር። ለነዳጅ አደጋ እውነት ነው፤ ነዳጅ ከወፍ ወደ ወፍ አይተላለፍም። አንድ በጎ ፈቃደኛ ከአንዱ በረት ወደ ሌላው ሲሯሯጥ ቢውል፣ በዚያው ቦቲ ጫማ ወደ ቤቱ ቢሄድ፣ ነዳጁን ይዞ ሌላ ወፍ አያሳምምበትም። የወፍ ጉንፋን ሲመጣ ግን ያው ትጋት ራሱ በሽታውን ተሸክሞ ይዞራል።

ቫይረሱ የሚወጣው በወፉ ምራቅ፣ በአፍንጫው ፈሳሽና በኩሱ ነው። እርጥብ ኩስ ውስጥና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የሚተላለፈው ወፍ ከወፍ ጋር ሲነካካ ብቻ አይደለም፤ የጫማ ሶል፣ ባልዲ፣ የእጅጌ ጫፍ፣ ወፉ የመጣበት ካርቶን፣ የመኪናው ወለል ሁሉ መንገድ ይሆኑለታል። በሌላ በኩል ውጫዊ ሽፋኑ ከቅባት የተሠራ በመሆኑ ሳሙናና የተለመዱት ፀረ ጀርም ፈሳሾች ይገድሉታል፤ ሙቀትና ደረቅ ፀሐይም አይመቹትም። ማዕከላቱን ክፍት ማድረግ ይቻላል የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ጠላቱ ብርቱ ቢሆንም በሥርዓት የሚታጠብ፣ በሥርዓት የሚለይ ሰው ሊያስቆመው የሚችል ነው።

ሥርዓቱ ምን ይመስላል? አዲስ የመጣ ወፍ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ደጅ ላይ፣ ከሕንፃው ውጭ ይታያል። ምልክት ያለው እዚያው ይለያል፣ ናሙና ይወሰድለታል። ምልክት የሌለው ደግሞ የምርመራ ውጤቱ እስኪታወቅ በለይቶ ማቆያ ይቆያል። በለይቶ ማቆያው የሚሠራ ሰው በዚያ ቀን ጤነኞቹ ወፎች ወዳሉበት ዝር አይልም። የሥራ ልብሱና ጫማው ከግቢው አይወጡም። በየበሩ የጫማ መንከሪያ ገንዳ ይቀመጣል፣ ፈሳሹም በየጊዜው ይለወጣል፤ ጭቃ የተለወሰ ጫማ ሳይቦረሽ ቢነከር ጥቅሙ ትንሽ ነውና ብሩሽም አብሮ ይኖራል። ቤቱ ዶሮ ወይም በቀቀን ያለው በጎ ፈቃደኛ ወፍ ከመንካት ይታቀባል፤ ስልክ ይመልሳል፣ መዝገብ ይይዛል፣ ዕርዳታ ያሰባስባል።

ይህ የመጨረሻው ብዙዎችን ያስከፋል። ወፍ ለመንከባከብ የመጣ ሰው ስልክ መልስ ሲባል የተገፋ ይመስለዋል። እኔ ግን በወረርሽኝ ጊዜ ከስልኩ የበለጠ ወፍ የሚያድን ሥራ አላውቅም። ባሕር ዳርቻ ላይ ቆሞ "አንድ ወፍ ወድቋል፣ ልጆቼ እያለቀሱ ነው፣ ላንሣው?" ብሎ የሚደውል ሰው በሚቀጥሉት ሁለት ደቂቃዎች የሚሰማው መልስ ሁሉን ነገር ይወስናል። በትዕግሥት የሚያስረዳው ካገኘ ውሻውን ይይዛል፣ ልጆቹን ያርቃል፣ ቦታውን ይናገራል፣ የሠለጠነ ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል። ስልኩ ካልተነሣ ወፉን ያነሣዋል።

የመዝጋትን ሐሳብ የሚደግፉ ሰዎች ከንቱ ፍርሃት ይዟቸው አይደለም። በ2022 በብሪታንያ የባሕር ወፎች በየጠረፉ ሲረግፉ፣ ብዙ የዱር እንስሳት ማገገሚያዎች የውኃና የባሕር ወፎችን መቀበል አቁመው ነበር። ያስገደዳቸው ከባድ ምክንያት ነው። አንድ በሽተኛ ወፍ ሾልኮ ከገባና ምርመራው ካረጋገጠ፣ በግቢው ያሉት ወፎች በሙሉ እንዲወገዱ ሊታዘዝ ይችላል፤ ለወራት የታከሙት፣ ነገ ሊለቀቁ የነበሩት ሁሉ። ያን ውሳኔ የወሰነውን የማዕከል ኃላፊ ለመውቀስ አልደፍርም።

ነገር ግን የተዘጋ በር የታመመውን ወፍ አያጠፋውም። ሰውየው ካርቶኑን ይዞ ከዘጉበት ማዕከል ሲመለስ ወፉን ሜዳ ላይ ጥሎ የሚሄድ ይመስላችኋል? አብዛኛው አዛኝ ሰው ቤቱ ይዞት ይሄዳል። መታጠቢያ ቤቱ ያስቀምጠዋል፤ ይባስ ብሎም ከዶሮዎቹ ጋር ያስገባዋል፤ ያለ ጓንት ያበላዋል። ያን ጊዜ ቫይረሱ ሰለጠነ የሚባል ሰው ፈጽሞ ወደማያየው ቦታ ገባ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ የማዕከሉ በጎ ፈቃደኞች የአካባቢው ዓይንና ጆሮ ናቸው። የትኛው ጠረፍ ላይ፣ የትኛው ዓይነት ወፍ፣ ከመቼ ጀምሮ እየሞተ እንደሆነ ከእነሱ ቀድሞ የሚያውቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው። እነሱን መበተን በሽታውን የሚያዩትን ዓይኖች መጨፈን ነው።

በኬፕ ታውን ደግሞ ሌላ አስጨናቂ ነገር አለ። የአፍሪካ ፔንግዊን በየዓመቱ ላባውን ሲቀይር ሦስት ሳምንት ያህል ውኃ አይገባም፤ ውኃ ካልገባ ዓሣ አያድንም። የዓመቱ መጨረሻ ላይ ላባ የሚቀይሩበት ጊዜ ደርሶባቸው ወላጆች ዘግይተው የተፈለፈሉ ጫጩቶቻቸውን ሳያሳድጉ ይተዋሉ። ሳንኮብ በየዓመቱ በርካታ እንዲህ የተተዉ ጫጩቶችን ሰብስቦ በእጅ እያበላ ያሳድጋል። በእጅ ያደጉት ጫጩቶች ዱር ገብተው በወላጆቻቸው ካደጉት ባልተናነሰ እንደሚኖሩ በጥናት ታይቷል። የ2021ዱ ወረርሽኝ የፈነዳው ይህ ወቅት ሲቃረብ ነበር። በዚያን ሰዓት ሁሉም ሰው ቤቱ ይግባ ቢባል ጫጩቶቹ የሚሞቱት በረሃብ ነው።

እነዚህ ደግሞ ቢሞቱ ሌላ ይተካል የሚባሉ ወፎች አይደሉም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዳሰን ደሴት ላይ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የአፍሪካ ፔንግዊኖች ይኖሩ ነበር። ዛሬ በዓለም የቀሩት ጥንዶች ከ10,000 በታች ናቸው፤ በኦክቶበር 2024ም ዝርያው ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል። ዋናው ገዳያቸው የወፍ ጉንፋን ሳይሆን የሰርዲንና የአንቾቪ ዓሣ ማነስ መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በ2022 ቫይረሱ ሳይመንስ ታውን አጠገብ ባለው ቦልደርስ በተባለው የፔንግዊን መንደር ሲገኝ ብዙዎች የደነገጡት፣ በረሃብ የተዳከመ የፔንግዊን መንጋ ላይ ወረርሽኝ መጨመሩ ምን ማለት እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው።

አሁን ስለ ከባዱ ጉዳይ ልናገር። በዚህ በሽታ የተያዘ የዱር ወፍ ብዙውን ጊዜ አይድንም። ማዕከሉ የሚያደርግለት ዕርዳታ ስቃዩን ማሳጠር ነው። በጎ ፈቃደኛው ወፉን ከባሕሩ ዳር ያነሣል፣ ሙቀቱን ይጠብቅለታል፣ ሐኪሙ ጋ ያደርሰዋል፤ ሐኪሙ መርፌ ይወጋዋል፤ በድኑ በሁለት ፌስታል ታስሮ ይወገዳል። ለማዳን የመጣ ወጣት ይህን ከነጋ እስኪመሽ ሲደጋግም ውስጡ ይጎዳል። ብዙ ማዕከላት ስለ ጓንትና ጭምብል ረጅም ሥልጠና እየሰጡ ስለዚህ ግን ትንፍሽ አይሉም። ከመጀመሪያው ቀን በፊት በግልጽ መነገር አለበት፦ የምትይዟቸው አብዛኞቹ ወፎች ይሞታሉ፤ የእናንተ ሥራ ለብቻቸው ሲሰቃዩ እንዳይውሉና በሽታውን ለሌሎች እንዳያስተላልፉ ማድረግ ነው። ይህን ሰምቶ የሚቀር ሰው ይቀራል፤ ሰምቶ የሚመጣ ሰው ግን ይዘልቃል።

በሰው ላይ ያለው አደጋስ? ከ2003 ወዲህ በዓለም ዙሪያ ከ900 በላይ ሰዎች በኤች5ኤን1 መያዛቸው ተረጋግጧል፤ ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። ቁጥሩ ያስፈራል፤ ማስፈራትም አለበት። ግን አብዛኞቹ የታመሙ ወይም የሞቱ ዶሮዎችን በቅርብ የነኩ ሰዎች ናቸው፤ ቀላል ሕመም ይዟቸው ሳይመረመሩ የቀሩትም በቁጥሩ ውስጥ የሉም። በአሜሪካ ቫይረሱ በ2024 የወተት ላሞች ውስጥ ከተገኘ በኋላ የተያዙት ሰዎች አብዛኞቹ ቀላል ሕመም ነበራቸው፣ የዓይን መቅላትም ጎልቶ ታይቷል። በጃንዋሪ 2025 ግን በሉዊዚያና አንድ ሰው ሞቷል። ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ እየተዛመተ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ እስካሁን የለም። ስለዚህ አንድ በጎ ፈቃደኛ ጓንት፣ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ጭምብልና የዓይን መሸፈኛ ካልተሰጠው በሽታ ያለበትን ወፍ መንካት የለበትም። በሥራው ላይ ሳለና ከዚያም በኋላ ለአሥር ቀን ትኩሳትን፣ ሳልንና የዓይን መቅላትን መከታተል አለበት። ምልክት ካየ ክሊኒክ ሲሄድ "ከታመመ ወፍ ጋር ነበርኩ" ብሎ መናገር ይኖርበታል፤ ሐኪሙ ይህን ካልሰማ ተራ ጉንፋን ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ዲሴምበር 2021 ላይ እስራኤል ውስጥ የሆነው ነገር ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ ነው። በሰሜን እስራኤል ሁላ ሸለቆ በክረምቱ ወደ 30,000 የሚጠጉ አጉር የሚባሉ እግረ ረጃጅም ስደተኛ ወፎች ይሰባሰባሉ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩት አለቁ፤ ነጭ መከላከያ ልብስ የለበሱ ሠራተኞች በጀልባ እየዞሩ በድኖቹን ከሐይቁ ሲለቅሙ ሰነበቱ። በአቅራቢያው ባለችው ማርጋሊዮት መንደር ከግማሽ ሚሊዮን የማያንሱ ዶሮዎች ተወገዱና በአገሪቱ እንቁላል ጠፋ። ወፎቹ ያን ያህል ተጠጋግተው የሚሰፍሩት በከፊል ገበሬዎችን ለመጠበቅ ተብሎ በቆሎ ስለሚበተንላቸው ነው። በቅን ልብ የተጀመረ ምገባ ወፎቹን አንድ ቦታ ሲያጭቅ ለቫይረሱ ምን እንደሚያመቻች ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ቅርበቱ በወፎቹ የጉዞ መስመር ነው። ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ የሚነሡ አጉሮች ከፊሎቹ በእስራኤል በኩል አልፈው ኢትዮጵያ ድረስ ይመጣሉ፤ ጣና ሐይቅ ዳር የሚከርሙት በሺዎች ይቆጠራሉ። በኢትዮጵያ የወደቀ ወፍ ወስደን የምንሰጠው ማገገሚያ በየከተማው የለንም። ያለን ነገር በየጓሮው ያለች ዶሮ፣ የበዓል ሰሞን የቁም ዶሮ ገበያ፣ ብዙ ቤት ደግሞ ማታ ማታ ሰውና ዶሮ አብረው የሚያድሩበት አንድ ጣሪያ ነው። ዶሮ ሲሞት ፈንግል ነው ተብሎ ይታለፋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ፈንግል ነው።

ፍርሃቱን ግን ቀምሰነዋል። በ2006 መጀመሪያ በሽታው ናይጄሪያ መግባቱ በተሰማ ሰሞን ጉራጌ ዞን ውስጥ በአንድ የመንግሥት የዶሮ እርባታ ዶሮዎች ሲሞቱ ጥርጣሬ ተነሣ። ምርመራው የወፍ ጉንፋን አለመሆኑን አሳየ። ሆኖም ወሬው ቀድሞ ስለነበር የዶሮ ገበያ ቀዘቀዘ፣ ዋጋም ወረደ፤ የተጎዳው ደግሞ ሁለት ሦስት ዶሮ ሸጦ የልጁን ደብተር የሚገዛው ነው። በዚያው ዓመት ሱዳንና ጅቡቲ በሽታው መግባቱን አረጋገጡ፤ ስለዚህ ሥጋቱ ከንቱ አልነበረም። የጎደለው የሞተውን ወፍ አይቶ፣ ሳይነካ ለሚመለከተው ነግሮ፣ ውጤቱንም ለመንደሩ መልሶ የሚያስረዳ የታመነ ሰው ነበር።

እንዲህ ያሉ ሰዎች ዘር አለን። በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከበጎ ፈቃደኞች ጋር በየዓመቱ ጃንዋሪ አካባቢ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና በሌሎችም የውኃ አካላት የውኃ ወፎችን ይቆጥራል። በባይኖኩላር አንድ በአንድ የሚቆጥር ሰው የታመመውን ከጤነኛው ለመለየት የሚያስፈልገው የአንድ ቀን ተጨማሪ ሥልጠና፣ ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚሰማበት የስልክ መስመርና ደህና ጓንት ነው። ገበሬው ደግሞ የዶሮዎቹን ሞት የሚናገረው ከተወገዱበት ካሳ እንደሚያገኝ ሲያምን ብቻ ነው፤ ይህን ሳያረጋግጡ ሪፖርት አድርግ ማለት ደብቅ እንደማለት ነው።

ፊንላንድ በ2024 ለወፍ ጉንፋን ለተጋለጡ ሠራተኞች የሰው ክትባት ማቅረብ ስትጀምር፣ ለጸጉራም ቆዳቸው ከሚረቡ እንስሳት እርባታና ከዶሮ እርባታ ሠራተኞች ጎን ከዱር ወፎች ጋር የሚሠሩትንም አስባለች። በአብዛኞቹ አገሮች ግን ደመወዝተኛው የጤና ክትትል ሲደረግለት፣ አጠገቡ ያንኑ ወፍ የያዘው በጎ ፈቃደኛ ጭምብሉን ከኪሱ ይገዛል፣ ቢታመምም የሚከታተለው የለም። ማዕከላቱ ክፍት ሆነው ይቆዩ ስል ይህ ወጪ አብሮ እንዲታቀድ ነው የምጠይቀው፦ ጭምብሉ፣ ክትትሉ፣ ክትባቱ ያለበት አገር ክትባቱ፣ የታመመ ቀን ሐኪሙ። ይህን ማሟላት ያልቻለ ማዕከል ሰዎቹን ከስልኩና ከመዝገቡ አያሳልፋቸው፤ ወፍም አያስይዛቸው።